በፍርድ የሄደችው በቅሎ

አባቴ ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ሲዘጋጁ አስጠኚያቸው እኔ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ ፈታኙ ከመቶ ጥያቄዎች አሥር መርጦ ይጠይቃል፤ ስድስት የመለሰ ያልፋል። መቶውንም በትንንሽ ካርዶች ላይ ጽፌ ከእራት በኋላ አንድ በአንድ እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይመልሳሉ። እንግሊዝኛቸው ለዕድሜያቸው ጥሩ ነበር። የተማሩት ግን ትምህርት ቤት ሳይሆን ኮሪያ ውስጥ፣ ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር ምሽግ ሲጋሩ ነው። የቃኘው ሻለቃ ሰው ናቸው። «አሜሪካ በ1900ዎቹ ካካሄደቻቸው ጦርነቶች አንዱን ጥቀስ» የሚለው ካርድ በደረሰ ቁጥር «ኮሪያ!» ብለው ይቆርጡታል፤ ሌሎቹን መልሶች ለማየት እንኳ ፈቃደኛ አልነበሩም።

ነገር ያመጣው ሌላ ካርድ ነው። ከፌደራል መንግሥቱ ሥልጣኖች አንዱን ጥቀስ ይላል፤ ከተፈቀዱት መልሶች አንዱ «ጦርነት ማወጅ» ነው። እኔ ደግሞ እንዲገባቸው ብዬ ከሥሩ በእርሳስ «የሚያውጀው ኮንግሬስ ነው» የሚል ጨምሬበታለሁ። አባቴ ካርዱን ተቀበሉኝና አገላብጠው አዩት።

«የእኛን ማን አወጀው?» አሉኝ።

«የቱን አባባ?»

«የኮሪያውን ነዋ! እኛ ስንዘምት ይሄ ኮንግሬስ የምትለው አውጆ ነበር?»

አላወጀም። በዚያው ሰሞን ደግሞ «የሕግ የበላይነት ምንድን ነው?» የሚለው ካርድ ደረሰ። መልሱ «ማንም ከሕግ በላይ አይደለም» ነው። አባቴ ከልባቸው ሳቁ፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉና ቀጥለው የካርዱን መልስ በቃሉ ወጡት። ፈተናውን አለፉ። ሁለቱ ካርዶች ግን ከእኔ ጋር ቀሩ። አንደኛው ያልታወጀ ጦርነት ነው፤ ሁለተኛው የሚከሰስና የማይከሰስ ገዥ። ስከታተላቸው ሁለቱም ወደ አንድ ጉዳይ ወሰዱኝ፤ ወደ 1952ቱ የብረት ፋብሪካዎች ክርክር። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ እቆጥራለሁ።)

ያልታወጀው ጦርነት

የሰሜን ኮሪያ ጦር በጁን 25 ቀን 1950 ድንበር ሲሻገር ፕሬዚዳንት ትሩማን ሠራዊቱን ለማዝመት የፈጀበት ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ኮንግሬስ ጦርነት እንዲያውጅ አልጠየቀም። በጁን 29 በሰጠው ጋዜጣዊ መግለጫ አንድ ጋዜጠኛ ይህ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የሚካሄድ የፖሊስ ሥራ ነው ሊባል ይችላል ወይ ሲለው፣ አዎ፣ ልክ እንደዚያ ነው አለ። ከ36 ሺህ በላይ አሜሪካውያን የሞቱበት «የፖሊስ ሥራ» መሆኑ ነው።

የእኛዎቹ በሜይ 1951 ፑሳን ደረሱ። ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ፤ ከ120 በላይ ሞቱ፤ አንድም ሰው አልተማረከም። የጥንቱ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን ጦርነት የማወጁን ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ የሰጠ ስለነበር ጃንሆይ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ትሩማን ግን ጠይቅ የሚል ሕገ መንግሥት ነበረው፤ እሱም አልጠየቀም። ኮንግሬስ ለመጨረሻ ጊዜ ጦርነት ያወጀው በ1942፣ በቡልጋሪያ፣ በሃንጋሪና በሩማኒያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ሁሉ፣ ኮሪያ በሉት ቬትናም፣ ሥርዓቱን የጠበቀ የጦርነት አዋጅ የለውም።

ትሩማን ወታደር መላክ ይችል ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልዳኘውም። ጦርነቱ ዞሮ ዞሮ ኦሃዮና ፔንሲልቬንያ ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ።

ኤፕሪል 8 ማታ

የብረት ሠራተኞች ማኅበር ከኩባንያዎቹ ጋር የነበረው ውል ያለቀው በ1951 ማብቂያ ላይ ነው። ሠራተኛው ደመወዝ ይጨመርልኝ አለ። ኩባንያዎቹ በቶን 12 ዶላር የዋጋ ጭማሪ ካልተፈቀደልን አንጨምርም አሉ። መንግሥት በጦርነቱ ምክንያት ዋጋ ይቆጣጠር ስለነበር ይህን ያህል አልፈቅድም አለ። ሠራተኞቹ ፕሬዚዳንቱ ስለለመናቸው ከ90 ቀን በላይ ያለ ውል ሠሩ። በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አልቆ ለኤፕሪል 9 ቀን 1952 የሥራ ማቆም አድማ ጠሩ።

ትሩማን ጭንቅ ውስጥ ገባ። ብረት ከሌለ ጥይት የለም፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎቬትም ምርቱ ከቆመ ግንባር ላይ ያለው ወታደር አደጋ ላይ ይወድቃል ብሏል። ሕጋዊ መንገድ ጠፍቶ አይደለም። ታፍት ሃርትሊ የሚባለው የ1947ቱ ሕግ አድማን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለ80 ቀን ማስቆም ያስችለዋል። ነገር ግን ይህን ሕግ ትሩማን አልፈርምም ብሎ መልሶት ኮንግሬስ በላዩ ላይ ያጸደቀው ነው፤ ይጠላዋል። ደግሞም ሦስት ወር የታገሡትን ሠራተኞች ሌላ ሦስት ወር ጠብቁ ማለት ግፍ መሰለው። እዚህ ላይ እኔም አዝንለታለሁ።

ስለዚህ ኤፕሪል 8 ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀርቦ ኩባንያዎቹን ክፉኛ ወቀሰና አብዛኞቹን የሀገሪቱን የብረት ፋብሪካዎች መንግሥት እንዲረከባቸው ማዘዙን ተናገረ። ትእዛዙ የተጻፈው ለንግድ ሚኒስትሩ ለቻርልስ ሶየር ነበር። ሶየር ደግሞ የኩባንያዎቹን ፕሬዚዳንቶች የመንግሥት ሥራ አስኪያጅ አድርጎ እዚያው በየቢሯቸው ሾማቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሰዎቹ በዚያው ወንበር ላይ፣ ከዚያው ጸሐፊ ጋር ሥራ ጀመሩ፤ በወረቀት ግን የትሩማን ተቀጣሪዎች ሆነዋል። ምድጃው አልጠፋም፤ አንድ ወታደር ደጃፍ ላይ አልቆመም። ንጥቂያ እንዲህ ረጋ ብሎ ሲመጣ ንጥቂያ መሆኑን ማየት ይከብዳል።

የኩባንያዎቹ ጠበቆች ግን አይተውታል። የፕሬዚዳንቱ ንግግር አልቆ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዋሽንግተን ውስጥ የአንድ ፌደራል ዳኛ መኖሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ነበሩ። ይህችን ግማሽ ሰዓት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ንጉሥ አይከሰስ፣ ሚኒስትር ግን

ክሱ ላይ የትሩማን ስም የለም። መዝገቡ የሚጠራው «ያንግስታውን ሺት ኤንድ ቲዩብ በሶየር ላይ» ተብሎ ነው። ከሳሹ ከብረት ኩባንያዎቹ አንዱ፣ የተከሰሰው ሚኒስትሩ ነው። ከ1867 ጀምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱን በመንግሥት ሥራው እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ አታድርግ ብዬ አላዝዝም ብሎ ነበር። ስለዚህ የአባቴን ተረት አሜሪካኖችም በራሳቸው መንገድ ያውቁታል ማለት ነው። ንጉሡን ትተው ባለሟሉን ይከሳሉ። በማግሥቱ ጉዳዩን ያየው ዳኛ ሆልትዞፍ እንኳ የዕግድ ጥያቄውን ሳይቀበል የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በስም ሶየርን ባግድም በእውነቱ የማግደው ፕሬዚዳንቱን ነው አለ።

ከዚያ መዝገቡ ዳኛ ዴቪድ ፓይን ዘንድ ደረሰ። የመንግሥት ጠበቃው ሆምስ ባልድሪጅ ተነሥቶ ፕሬዚዳንቱ በአስቸኳይ ጊዜ ያለው ሥልጣን ወሰኑ ምርጫና ከሥልጣን መነሣት ብቻ ነው እያለ ተከራከረ። ዳኛው የሰማውን ማመን ያቃተው ይመስላል። ሕዝቡ ሕገ መንግሥቱን ሲያጸድቅ የኮንግሬስን ሥልጣን ገደበ፣ የፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ገደበ፣ የፕሬዚዳንቱን ግን አልገደበም ነው የምትለው? ብሎ ጠየቀው። ባልድሪጅ ስለ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ ሁለት የምናነበው እንደዚያ ነው ብሎ መለሰ። ይህ ንግግር በየጋዜጣው ወጣ፤ አገር ተንጫጫ። ቀደም ሲል ትሩማን ራሱ ፋብሪካ መውረስ ከቻሉ ጋዜጣና ሬዲዮ ጣቢያስ? ተብሎ ተጠይቆ፣ ፕሬዚዳንት ለሀገር የሚበጀውን ማድረግ አለበት የሚል መልስ ሰጥቶ ስለነበር ነገሩ ይበልጥ ተጋጋለ። ኤፕሪል 29 ፓይን ርክክቡ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነገሩን አላጓተተም፤ በሜይ አጋማሽ ክርክሩን ሰማ። ለኩባንያዎቹ የቆመው የ79 ዓመቱ ጆን ዴቪስ ነበር፤ በ1924 የትሩማን ፓርቲ፣ የዲሞክራቶች፣ የፕሬዚዳንትነት እጩ የነበረ ሰው። በዚያ ችሎት ሰውን አምነን ሥልጣን አንሰጥም፣ በሕገ መንግሥት ሰንሰለት እናስረዋለን የሚለውን የጄፈርሰንን ቃል ጠቅሶ ተከራከረ። ይኸው ዴቪስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተመልሶ እዚያው ችሎት ቆመና ጥቁርና ነጭ ልጆች ተለያይተው ይማሩ ብሎ ለሳውዝ ካሮላይና ተሟገተ። የዚህች ሀገር ታሪክ መልአክ ሊሰጠኝ ፈቃደኛ አይደለም፤ ደጋግሜ አይቸዋለሁ።

ዘጠኙም ዳኞች በሩዝቬልት ወይም በራሱ በትሩማን የተሾሙ ናቸው። ጁን 2 ቀን 1952 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ትሩማን ተረታ። ከረቱት አንዱ ቶም ክላርክ ነው፤ ትሩማን ለዳኝነት ሳይሾመው በፊት የራሱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበረ።

የአብላጫውን ፍርድ የጻፈው ሁጎ ብላክ ሐሳቡ አጭር ነው። ይህ ትእዛዝ ምንጩ ወይ የኮንግሬስ ሕግ ወይ ሕገ መንግሥቱ መሆን አለበት፤ ሁለቱም ውስጥ የለም፤ ሕግ ማውጣት ደግሞ የሕግ አውጪው ሥራ እንጂ የጦር አዛዡ አይደለም። ዛሬ የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያነበው ግን የሮበርት ጃክሰንን ተጨማሪ ሐተታ ነው። ጃክሰን የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን ከኮንግሬስ ጋር አያይዞ በሦስት ከፈለው። ኮንግሬስ ሲፈቅድለት ጉልበቱ ሙሉ ነው፤ ኮንግሬስ ዝም ሲል አጠራጣሪ ቦታ ላይ ነው፤ ኮንግሬስ የማይፈልገውን ሲያደርግ ግን ጉልበቱ ከሁሉ ያነሰ ነው። በ1947 ኮንግሬስ ፋብሪካ የመውረስ ሥልጣን ይሰጠው የሚለውን ሐሳብ ተመልክቶ ስለጣለው ትሩማን ሦስተኛው ላይ ወደቀ። ጃክሰን ሌላም ነገር ጻፈ፤ የምድርና የባሕር ኃይሉ ዋና አዛዥ ነው ማለት የሀገሪቱ፣ የፋብሪካዎቿና የነዋሪዎቿ አዛዥ ነው ማለት አይደለም አለ። ፕሬዚዳንት በራሱ ፈቃድ ወታደር ወደ ባሕር ማዶ ልኮ በዚያ ሰበብ ሀገር ውስጥ ሥልጣኑን የሚያሰፋ ከሆነ ከዚህ የከፋ አስፈሪ ነገር አይታየኝም አለ።

ይህን ሳነብ የአባቴ ጥያቄ ጃክሰን ጆሮ የደረሰ መሰለኝ። ወታደሩን መላኩን አልነካውም፤ በወታደሩ ሰበብ የመጣውን ግን አስቆመው።

ትሩማን የዚያን ዕለት

እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ትሩማን ተናደደ፤ በኋላም ልክ ነበርኩ ከማለት አልተመለሰም። በእጁ ግን ሠራዊቱ አለ፤ ፋብሪካዎቹ አሉ፤ ጦርነቱ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ሻምበል ጦር የለውም፤ ያለው ወረቀት ነው። በዚያው ዕለት ትሩማን ለሶየር ፋብሪካዎቹን መልስ ብሎ አዘዘ። ሠራተኛው ወዲያው አደማ፤ አድማው 53 ቀን ቆየ። ትሩማን ቁጭ ብሎ አየ።

እኛ ሀገር በድሮ ጊዜ መንገድ ላይ የተጣላ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲባል ጉልበተኛውም ቢሆን እጁን ይሰበስብ ነበር ይባላል። ዘበኛ የለም፣ ዳኛ የለም፤ ቃሉ ብቻ ነው የሚያቆመው። በዚያ ሰኞ የሆነውን ሳስብ የሚመጣልኝ ይህ ነው። ግን ሁልጊዜ አይቆሙም። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ሊንከን ሰዎች ያለ ክስ እንዲታሰሩ አደረገ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ጆን ሜሪማን የሚባል ሰው ተይዞ ባልቲሞር ፎርት ማክሄንሪ ገባ። ዋና ዳኛ ቶኒ ይህን የመፍቀድ ሥልጣን የኮንግሬስ እንጂ የፕሬዚዳንቱ አይደለም ብሎ ጻፈ። ሊንከን ዝም ብሎ አለፈው፤ በኋላ ለኮንግሬስ ባቀረበው መልእክት አንድ ሕግ እንዳይጣስ ብዬ ሌሎቹ ሁሉ ሳይፈጸሙ መንግሥቱ ይፍረስ? ብሎ ጠየቀ። የባርነት ጠላት የሆነው ሊንከን ፍርድ አላከበረም፤ የነጻነት ጠበቃ ሆኖ የጻፈው ቶኒ ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት ጥቁር ሰው ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ የፈረደ ነው። መልአክ የለም አላልኩም?

አሌክሳንድሪያ ያለው ቤት

የምኖረው ቨርጂንያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ነው። በአሮጌው የከተማው ክፍል፣ ሳውዝ ሊ በሚባለው መንገድ ላይ፣ ከ18ኛው መቶ ዘመን የቆየ የጡብ ቤት አለ። ሁጎ ብላክ እስኪሞት ድረስ የኖረው እዚያ ነው። ሰውየው ቴኒስ ይወድ ስለነበር ጓሮው ውስጥ ሜዳ አሠርቶ ነበር። ከፍርዱ በኋላ ብላክ ትሩማንን እዚህ ቤት ጋበዘው፤ ዳኞቹንም ጠራ። ከእነሱ አንዱ የነበረው ዊልያም ዳግላስ እንደተረከው ትሩማን መጀመሪያ ላይ ኮስተር ብሎ ነበር፤ ቡርቦኑ ከቀረበ በኋላ ግን ሁጎ፣ ሕግህ ብዙም አይጥመኝም፣ ይህ መጠጥ ግን ግሩም ነው አለ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያቆመውም እዚህ ነው። እኔ ግን በዚያ ቤት በኩል ባለፍኩ ቁጥር ይኸው ብላክ የጻፈው ሌላ ፍርድ ይመጣብኛል።

በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942፣ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከመታች ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ፣ ሩዝቬልት አንድ ትእዛዝ ፈረመ። በዚያ ትእዛዝ መነሻነት በምዕራብ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩ ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው ወደ ካምፕ ተጋዙ። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እዚያው ተወልደው ያደጉ አሜሪካውያን ዜጎች ናቸው። ፍሬድ ኮሬማትሱ የኦክላንድ ልጅ፣ መርከብ ሥራ ላይ ብየዳ የሠራ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። አልሄድም ብሎ ቀረ፤ መንገድ ላይ ተያዘ፤ ተፈረደበት። ከዚያ ታንፎራን ወሰዱት። ታንፎራን የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነው፤ ሰዎቹን ያሳደሯቸው በፈረሶቹ ጋጥ ውስጥ ነበር። በኋላ ዩታ በረሃ ላይ ወዳለው ካምፕ ተላከ።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በዲሴምበር 1944 ተወሰነ። ውጤቱ ስድስት ለሦስት ነው፤ መንግሥት ረታ። ፍርዱን የጻፈው ሁጎ ብላክ ነው።

በ1944ም በ1952ም ችሎት ላይ የነበሩ ዳኞች አምስት ናቸው፤ ብላክ፣ ፍራንክፈርተር፣ ዳግላስ፣ ሪድና ጃክሰን። ሪድ ሁለቱንም ጊዜ ከመንግሥት ጋር ቆመ። ብላክ፣ ፍራንክፈርተርና ዳግላስ የሰዎቹን ማጋዝ አጽድቀው የፋብሪካዎቹን መወረስ ከለከሉ። ሁለቱንም ጊዜ አይሆንም ያለው ጃክሰን ብቻ ነው።

ታንገበግበኛለች

ይህን ለአባቴ ነገርኳቸው። ብዙም አልደነቃቸውም። «ቢሆንም ፍርድ ቤት አይቶላቸዋል» አሉ፤ «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች።»

ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቸዋለሁ፤ ተሟግቸውም አላውቅም። ትልቅ ነገር ስላለው ነው። ሕዝባችን ተሟጋች ነው፤ ቢረታም ዳኛ ሰምቶት ከተረታ ይችለዋል፤ ጭብጦ እንኳ ብትሆን በጉልበት ስትነጠቅ ግን የሚነደው ሌላ ነገር ነው። የትሩማን ፋብሪካዎች በዚህ ተረት ልክ ይገባሉ።

ጃክሰን ግን በኮሬማትሱ መዝገብ ላይ በጻፈው የልዩነት ሐሳብ ተረቱን ገለበጠብኝ። የጦር አዛዥ በጭንቅ ጊዜ የሚሰጠው ትእዛዝ ሕገ መንግሥት ቢጥስም ዕድሜው ከጭንቁ አይበልጥም አለ፤ ተከታዩ አዛዥ ሊሽረው ይችላል። ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሕገ መንግሥቱ ይፈቅደዋል ብሎ ሲያጸድቀው ግን መርሑ ለዘላለም ይቀመጣል። የተጎረሰ መሣሪያ ሆኖ ይቀመጣል፤ አስቸኳይ ነገር ገጠመኝ ብሎ አሳማኝ ሰበብ ያመጣ ባለሥልጣን ሁሉ አንሥቶ ሊተኩሰው ይችላል። በጃክሰን አስተሳሰብ ይበልጥ የምታንገበግበው በፍርድ የሄደችው በቅሎ ናት። በጉልበት የሄደችው ሌባዋ ይታወቃል፤ በፍርድ የሄደችው ግን ለሚቀጥለው ሌባ ደረሰኝ ትታለች።

ለምን እንደዚህ ሆነ? ስምንት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ አንዱ ፍርድ ቤት፣ አንዱ ጸሐፊ ዳኛ፣ ለምን ለብረት ያሳየውን ጭካኔ የሌለበት ጽናት ለሰው አላሳየም? የመጀመሪያው ነገር ፍርሃት ነው፤ ፐርል ሃርበር ልብ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ኮሪያ ግን ሕዝቡን አሰልችቶ ነበር። ትሩማንም ደክሞ ነበር፤ በ1952 መጀመሪያ በተደረገ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ሥራውን የደገፈው 22 በመቶ ብቻ ነው፤ በማርች መጨረሻም ዳግም አልወዳደርም ብሏል። ከወደቀ ሰው ጋር መሟገት ይቀላል። ሩዝቬልት ደግሞ ገና አራተኛ ጊዜ ተመርጦ ነበር።

ከዚያ ያቺ ግማሽ ሰዓት አለች። ፋብሪካ ሲነጠቅ ጠበቃ ሌሊቱን ዳኛ ደጃፍ ይደርሳል፤ በማግሥቱ ማታ የአንዱ ኩባንያ ፕሬዚዳንት በቴሌቪዥን ለፕሬዚዳንቱ መልስ ይሰጣል፤ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይወስናል። ኮሬማትሱን ጠበቃው ያገኘው እስር ቤት ውስጥ ነው፤ የመጨረሻው ፍርድ የመጣው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ከተጋዙት ብዙዎቹ ዓመታት በካምፕ አሳልፈዋል። ሕገ መንግሥቱ አንድ ነው፤ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ግን ለሁሉ እኩል አይረዝምም።

ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም ለእኔ ዋናው ሌላ ነው። በ1952 ኮንግሬስ ከትሩማን ጋር አልነበረም። በ1942 ግን ከሩዝቬልት ጋር ነበር፤ ትእዛዙ በወጣ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ የጦሩን ትእዛዝ የጣሰ ይቀጣ የሚል ሕግ አውጥቷል። የሥልጣን ክፍፍል የሚባለው ታላቅ መርሕ አንድ ሰው ብቻውን ሲሮጥ የሚይዘው ገመድ ነው። ሦስቱም አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሮጡ፣ ፕሬዚዳንቱ አዝዞ፣ ኮንግሬስ ደግፎ፣ ፍርድ ቤቱ ሲያጸድቅ፣ ገመዱን የያዘ ሰው የለም። በዚያን ጊዜ ለአንድ ጥቂት ወገን የሚቀረው የመብቶች ድንጋጌ ብቻ ነው፤ እሱም በዳኞች እጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች መዝገብ ሲያገላብጡ መንግሥት የራሱ የደኅንነት ሰዎች የጻፉትን፣ የጃፓን ተወላጆቹን በጅምላ ማጋዝ አያስፈልግም የሚለውን ማስረጃ ከፍርድ ቤቱ ደብቆ እንደነበር አገኙ። በኖቬምበር 1983 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዳኛ ማሪሊን ሆል ፓቴል የኮሬማትሱን ጥፋተኝነት ሰረዘች። የተሰረዘው የእሱ ቅጣት ነው፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፍርድ የመሻር ሥልጣን አልነበራትም። በ1988 ሬጋን መንግሥት ይቅርታ የጠየቀበትን ሕግ ፈረመ፤ በሕይወት ለነበረ ለእያንዳንዱ ተጎጂ 20 ሺህ ዶላር ተከፈለ። ብላክ በ1971 ሞቷል፤ እስከ መጨረሻው በዚያ ፍርድ አልተጸጸተም።

በ2018 ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ የኮሬማትሱ ፍርድ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ከባድ ስሕተት ነበር ብሎ ጻፈ። የጻፈው ግን ጎረቤታችንን ሶማሊያን ጨምሮ የብዙ ሀገሮች ዜጎች እንዳይገቡ የከለከለውን የትራምፕ ትእዛዝ አምስት ለአራት ባጸደቀው ውሳኔ ውስጥ ነው። የተቃወመችው ዳኛ ሶቶማዮር አንዱን ከባድ ስሕተት በሌላ መተካት ነው አለችው። ሮበርትስ ሁለቱ ጉዳዮች አይገናኙም ብሏል። እኔ አንባቢ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን አሮጌውን ፍርድ ማውገዝ አዲሱን ከመመርመር ይልቅ ቀላል እንደሆነ ይታየኛል።

ከዳኞቹ ይልቅ ዐይኔ የሚያርፈው ኮንግሬስ ላይ ነው። በ1971 ኮንግሬስ ያን ዘመን እያሰበ አጭር ሕግ አወጣ፤ ኒክሰን ፈረመው። ኮንግሬስ ባወጣው ሕግ ካልሆነ በቀር ማንም ዜጋ በአሜሪካ መንግሥት አይታሰርም፣ አይያዝም ይላል። ለአንድ ፕሬዚዳንት ጥሩ ልጓም ነው። በ1942 ግን ኮንግሬስ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ ተብሎ ድምፅ እንኳ በስም አልተቆጠረም።